አጎቴ የቆጠረው ዘመድ

ቡሬ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ ሰዉ ግን አሳጥሮ ጥሩ ይለኛል። በቅርብ የሚያውቁኝ በዚህ ስም ይስቃሉ። ምላሴ ስለታም ነው፣ ቂምም እይዛለሁ፣ የበደለኝን ሰው ከነአባቱ ስም አስታውሳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «እንዲህ ያለች ሴት መሆኗን አላወቅንም» እንዳትሉኝ ነው። ስለ ይቅርታ የሚያምር ታሪክ ፈልጎ የመጣ ካለ ሌላ ገጽ ቢገልጥ ይሻለዋል።

ነገሩ የተጀመረው የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያኔ ከቡሬ ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። የተወልን መሬት ጥሩ መሬት ነው፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ግን የሚያርስልን የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ በላቸው ነበር። ምርቱን እኩል ልንካፈል እያረሰ ከእኩል ያነሰ ያመጣልናል። እናቴ ዝም ትላለች። ባሏ የሞተባት ሴት ከባሏ ወንድም ጋር ተጣልታ የት ትደርሳለች?

አያ በላቸው በአካባቢው የታወቀ ዘር ቆጣሪ ነው። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ መዋደዳቸውን የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ዘር ይቆጠራል። በእናትም በአባትም እየተወጣ እስከ ሰባት ቤት ይፈተሻል። በመካከል አንድ የጋራ ቅድመ አያት ከተገኘ ሁለቱ እህትና ወንድም ናቸው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ ማግባት በጨዋታ እንኳ አይነሳም። ዘመዱን ያገባ ሰው ቤቱ አይባረክም፣ ሰውም ማዕዱን አይቀርብም። ቆጣሪው ታዲያ ወረቀት የለውም፤ ሁሉም ያለው በጭንቅላቱ ነው። እሱ ዘመድ ናቸው ካለ ዘመድ ናቸው፣ አይደሉም ካለ አይደሉም።

እኔን የጠየቀኝ ሙሉቀን ይባላል። ከወንዝ ማዶ ያሉ የአገው ቤተሰቦች ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ በእርሻ የሚቀናው፣ አማርኛውም አገውኛውም እኩል የሚፈስለት ሰው ነበር። እወደው ነበር። ሽማግሌ ሲልክ እናቴ በደስታ አለቀሰች። አያ በላቸው ግን ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጦ በጣቱ ቆጠረና አራተኛው ላይ ቆመ።

«የልጁ የአባቱ ወገን ቅድመ አያት እመት ድንቄ የእኛ የጎሹ እህት ናት። አራት ቤት ላይ ተገናኙ። እህቱን ነው የጠየቀው» አለ።

ጎሹ የእኔ ቅድመ አያት ነው። ሽማግሌዎቹ አማተቡና ተነሱ። ሙሉቀን አንገቱን እንደደፋ ወጣ። እኔ አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ስሞኝ ስለነበር ወንድሜን የሳምኩ መስሎኝ ራሴን ተጸየፍኩት። ለነፍስ አባታችን ለቄስ አስረስ ሄጄ ተናዘዝኩ፤ ቀኖና ሰጡኝ፤ የጾሙን ወራት ሙሉ ስሰግድ ከረምኩ። ሙሉቀን አገር ጥሎ አዲስ አበባ ገባ፤ በካቶሊኮች ትምህርት ቤት ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ፤ እየተማረ ቆይቶ በመጨረሻ ሚስት የማያገባ የእነሱ ቄስ ሆነ የሚል ወሬ መጣ። ቄስ ሲባል ሚስት ያለው፣ ያላገባ ከሆነ ደግሞ ገዳም የሚገባ መነኩሴ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ መሳቂያ ነበር። «ምሽት የሌለው ቄስ» እያሉ ብዙ ተሳልቀዋል። እኔ ቡሬ ገብቼ ስፌት ተማርኩ፤ ሁለት ጊዜ አገባሁ፣ ሁለቱንም ፈታሁ። እናቴ እዚያው ቀረች፤ መሬታችንንም አያ በላቸው ማረሱን ቀጠለ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያለፈው ጥር ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ የአያ በላቸው ልጅ ሰናይት ሱቄ መጣች። ገና ቃል ሳይታሰር የሙሽራ ልብስ ልትለካ ነው የመጣችው። ፊቷ ሁሉ ሳቅ ነው።

«እትዬ፣ ወገቡ ጠበቅ ይበልልኝ» አለችኝ።

«እስትንፋስሽን እስክትውጪ አጠብቀዋለሁ። ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?»

«የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ ጌታሁን ይባላል። አባቱ ትልቅ የእህል መጋዘን አላቸው። አባቴማ ከእኔ በላይ ቸኩሏል።»

«እናቱስ?»

«እናቱ የእኛው አገር ሰው ናት። አያቱን ታውቂያቸው የለም? እማሆይ የሺ፤ የአባ ሙሉቀን አክስት።»

የለካሁትን ወገብ ረስቼ እንደገና ለካሁ። እማሆይ የሺ የሙሉቀን አባት እህት ናቸው፤ ስለዚህ ሙሽራውም የእመት ድንቄ ዘር ነው። ሰናይት ደግሞ የአጎቴ ልጅ ስለሆነች የጎሹ ዘር ናት። ጎሹና ድንቄ ወንድምና እህት ከሆኑ ልጆቹ በእሷ በኩል አራት፣ በእሱ በኩል አምስት ቤት ላይ ይገናኛሉ። ልጅቱ ዘመዷን ልታገባ ነው! አያ በላቸው አርጅቶ ረስቶት ይሆናል አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔ በልቤ ክፋት አልነበረም። እኔ ላይ የደረሰው እሷ ላይ እንዳይደርስ፣ ሰው ሳይሰማ ለአባቷ ልንገረው ብዬ ነው የተነሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ጥርጊያው እስከሚያልቅበት ድረስ ሄድኩና ቀሪውን በእግሬ ገባሁ። አያ በላቸው አውድማ ላይ ጤፍ ያዘራ ነበር። መንሹን ይዞ ቆሞ ጉልበቱን አሳመኝ።

«ምን ሁነሽ ነው በጠዋቱ? እናትሽ ደኅና አይደለችም ወይ?»

«ደኅና ናት አያ። የመጣሁት ስለ ሰናይት ነው። ሰው ሳይሰማ ልንገርዎት ብዬ ነው። ልጅቱና ሙሽራው ዘመድ ናቸው።»

ሳቀ። «ማን አለሽ?»

«እርስዎ ነዋ! የልጁ አያት የሙሉቀን አክስት አይደሉም ወይ? በእመት ድንቄ በኩል ይገናኛሉ።»

«እሱን ተይው ልጄ» አለና መንሹን ወደ ጤፉ መለሰ። «ድንቄ በጎሹ አባት ቤት ያደገች እንጂ የተወለደች አይደለችም። በክፉ ቀን መንገድ ላይ ተገኝታ ነው ያመጧት። የጡት ልጅ እንኳ አልነበረችም። ጎሹ ራሱ በአፉ ነግሮኛል።»

ንፋሱ ገለባውን እየወሰደ ነበር። የሰማሁትን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

«መቼ ነው የነገረዎት?» አልኩት።

«ልጅ ሳለሁ ነዋ። ከብት ስጠብቅለት…»

እዚህ ላይ ነው የቆመው። መንሹ አየር ላይ ቀረ። ዞሮ አየኝ፤ አየሁት። ይህ ሰው ዝምድናውን ራሱ የፈጠረው ስለሆነ፣ ለእሱ እንዲህ ያለ ዝምድና ኖሮም አያውቅም። ለዚህ ነው ለልጁ ያልሰጋው። የሌለ ነገር እንዴት ይታሰበው?

«ያውቁ ነበር» አልኩ።

«አሮጌ ነገር ነው።»

«ያውቁ ነበር፤ ለምን?»

ወደ መሬታችን አሻግሮ ተመለከተ። ከአውድማው ሆኖ በደንብ ይታያል። ከዚያ በኋላ መልስ አላስፈለገኝም። ሙሉቀን ቢያገባኝ መሬቱን የሚያርሰው ሙሉቀን ነበር።

«አሁን ቢወራ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰውየው ቄስ ሁኗል፣ አያገባም። አንቺም ሁለት ባል ፈትተሻል። ነገ የፍኖተ ሰላም ሰዎች ቃል ሊያስሩ ይመጣሉ። አፍሽን ሰብስበሽ ተቀመጭ። የእህትሽን ዕድል አታበላሽባት።»

ከእሱ አፍ «እህትሽ» የሚለውን ቃል ስሰማ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። ቢሆንም አልጮኽኩም። «እሺ በጀ አያ» አልኩና ጉልበቱን ስሜ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። ለእናቴም አልነገርኳትም። እናቴ ከሰማች ታለቅሳለች፣ ስታለቅስም ትለምነኛለች፤ ልለመን ደግሞ አልፈለግሁም። ያን ሁሉ ስግደት አሰብኩት። ጉልበቴ እስኪላጥ የሰገድኩት እሱ ለፈጠረው ኃጢአት ነው። ገለባ ይዞ እንደሚሮጥ እሳት ነበርኩ፤ ግን ማንም አላወቀም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የፍኖተ ሰላም ሰዎች በሚኒባስ መጡ። ሽማግሌዎቻቸው ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ከእነሱ መካከል ረዥም ቀሚስ የለበሰ፣ ጺሙን የተላጨ ሰው ወረደ። ሙሉቀን ነበር። የታመመች እናቱን ለማየት አገር ቤት መጥቶ ስለነበር በዘመድነቱ ይዘውት መጥተዋል። ፀጉሩ ጎን ጎኑ ሸብቷል። ከሩቅ አይቶኝ እጅ ነሳኝ፤ እንደ እህቱ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ጥሩነህ የሚባሉ ነገረኛ ሰው፣ ገና ሳይቀመጡ ጀመሩት።

«አባ፣ ለመሆኑ ልጅ ስንት አለዎት?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «እንዲህ እያሉ የሚጠይቁኝን ሁሉ ልጆቼ ብዬ ከቆጠርኩ በጣም ብዙ ናቸው» አለ ሙሉቀን። እሱም ሳቀ። ስድቡን እንደለመደው ታየኝ፤ ይበልጥ ተናደድኩ።

ተበላ፣ ተጠጣ። ከዚያ አያ በላቸው መሀል ላይ ተቀምጦ ቆጠረ። ያባቱን ወገን ረጋ ብሎ፣ የእናቱን ወገን ፈጠን ፈጠን እያለ። ሲጨርስ «ከሰባት ቤት ውጭ ነው፤ ንጹህ ነው» አለ። ቄስ አስረስ፣ አሁን በጣም ያረጁት፣ መስቀላቸውን አንስተው እንደ ደንቡ ጠየቁ።

«የሚያውቅ፣ የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር።»

ሴቶች ከምንቀመጥበት ጥግ ተነሳሁ። አያ በላቸው አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረውን ልመና ዛሬም አልረሳሁትም።

«እኔ አውቃለሁ አባቴ» አልኩ። «ሙሽራው የእመት ድንቄ ዘር ነው። ሰናይት የጎሹ ዘር ናት። ድንቄና ጎሹ እህትና ወንድም ናቸው። ሰባት ቤት አይሞላም።»

«ማነው እንዲህ ያለው?» አሉ አያ ጥሩነህ።

«አያ በላቸው ናቸው። እኔና አባ ሙሉቀን ልንጋባ ስንል በዚህ ቤት ተቀምጠው ቆጥረው የለዩን ናቸው። አራት ቤት ነው ብለው። ለእኔ ያን ያህል ቅርብ የነበረ ዝምድና ለልጃቸው የት ሄደ?»

«ይቺ ልጅ ታማለች» አለ አያ በላቸው። ድምፁ ግን ደክሟል።

ቄስ አስረስ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ዞሩ። «አልታመመችም በላቸው። ያን ቀን እዚህ ነበርኩ። አንተን ሰምቼ ለዚች ልጅ ቀኖና የሰጠኋት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እውነት ከነበረ ይኸ ጋብቻ ርኩስ ነው። ይኸ ንጹህ ከሆነ ያን ጊዜ ዋሽተሃል። የቱ ነው?»

አንደኛው የፍኖተ ሰላም ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «እኛ ዘመድ አናጋባም። እግዜር ይስጥልን» አሉ። ከጓዳ የሰናይት ለቅሶ ተሰማ። አዘንኩላት? አዎን፣ አዘንኩላት። ግን አልተቀመጥኩም። አያ በላቸው በዓይኑ ለመነኝ፤ «ዘመድ አይደሉም፣ ተሳስቼ ነው» ብዬ እንዳድነው ፈለገ። አፌን ሰብስቤ ቆምኩ፤ እሱ ራሱ እንዳዘዘኝ። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ተራ በተራ ወደ በሩ ሲሄዱ ነው የተናገረው።

«ውሸት ነው።»

«የቱ ነው ውሸቱ?» አሉ ቄስ አስረስ።

«የድሮው። ድንቄ ያደገች ናት። ደም የላትም።» አንገቱን ደፋ። «መሬቱን ፈርቼ ነው። ቢጋቡ ይነጥቁኛል ብዬ ነው።»

ሙሉቀንን አየሁት። እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ ጣቶቹ ቀሚሱን ጨብጠዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በእኛ አገር የሚሆነው ነው። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ወገን ተነስተው «ይቅርታ ይጠይቅ» አሉ። ከግቢ ድንጋይ መጣ። አያ በላቸው ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ እግሬ ሥር ተንበረከከ። ድንጋዩን የማነሳለት እኔ ነኝ፤ ካነሳሁት ይቅር ብያለሁ ማለት ነው። እስካነሳው ድረስ እሱ ጎንበስ እንዳለ ይቆያል።

«አንሽለት ልጄ» አሉኝ።

«አላነሳም።»

«ስለ ቅዱስ ሚካኤል!»

«ቅዱስ ሚካኤል ያንሳለት። እኔ አላነሳም።»

ብዙ ለመኑኝ። እናቴም ለመነችኝ። አልሰማሁም። በመጨረሻ አያ ጥሩነህ ወደ ሙሉቀን ዞሩ። የቅድሙ ቀልድ ከፊታቸው ጠፍቷል።

«አባ፣ እርስዎም ተበዳይ ነዎት። ይቅርታ ሥራዎት አይደል ወይ? ያንሱለት፣ እሷም ትከተልዎታለች።»

ሙሉቀን ተነሳ። አያ በላቸው አጠገብ መጥቶ ቆመ። ሁሉም ተነፈሰ። እጁን የሚዘረጋ መሰለኝ፤ ቢያነሳው ዕድሜ ልኬን እንደምጠላው አወቅሁ። የአጎቴን ማጅራት ረዥም ጊዜ ተመለከተ።

«ሥራዬ ነው» አለ። «ዛሬ ግን ሥራ ላይ አይደለሁም።»

እንዲህ ብሎ በበሩ ወጣ።

ድንጋዩን ያነሳችለት ሰናይት ናት። ከጓዳ ወጥታ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ አንስታ ጥግ አስቀመጠችው። ያልተበደለ ሰው ያነሳው ድንጋይ ግን አይቆጠርም፤ ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል።

ሙሉቀንን ከግቢው ውጭ ባሕር ዛፎቹ ሥር ደረስኩበት።

«በየቀኑ እጸልይልሽ ነበር» አለኝ ሳያየኝ። «እህቴን ጠብቅልኝ እያልኩ።»

«ከዛሬ ጀምሮ እህትህ አይደለሁም። በምን ስም ልትጸልይልኝ ነው?»

መልሱን አልጠበቅሁም፤ ዋናውን ሳልጠይቅ መመለስ አልቻልኩም። «ይኸን ቀሚስ ታወልቀዋለህ?»

«ጥሩ…»

«መልስልኝ።»

«የሄድኩት በውሸት ተገፍቼ ነው። ቃሉን የገባሁት ግን እኔ ነኝ። ማንም አልዋሸኝም። ሳላገባ እኖራለሁ ብዬ ለእግዚአብሔር የተናገርኩት በራሴ አፍ ነው።» ከዚያ አየኝ። «አላወልቀውም።»

ልመታው ፈለግሁ። ከዚያም ላቅፈው ፈለግሁ። ሁለቱንም አላደረግሁም። ሚኒባሱ ሲጠራው ሄደ።

ሰርጉ ተደረገ። ሰናይት የሰፋሁትን ልብስ ለብሳ ተዳረች፤ ልብሱን የወሰደችው ግን ሰው ልካ ነው፤ እስካሁን አታናግረኝም። አልፈርድባትም። መሬታችንን በዚያው ሰሞን ተረከብኩና ከወንዝ ማዶ ላለ ለሙሉቀን ታናሽ ወንድም በእኩል እንዲያርሰው ሰጠሁት። የአያ በላቸው በር ፊት ለፊት ስለሆነ በየጠዋቱ በሬ ሲጠመድ ያያል። ለዘር ቆጠራ የሚጠራው ሰው የለም። ቀድሞ የለያቸው ሰዎች አሁን ተራ በተራ እየመጡ «የእኛስ?» እያሉ በሩን ያንኳኳሉ።

ይህ ቀን እኔ ላይ ምን ለወጠ ብትሉኝ፣ ራሴን መጸየፍ አቆምኩ። ለዓመታት የራሷን ወንድም የወደደች ሴት ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት፤ ባሎቼ ሲነኩኝ እንኳ ነውር ይሰማኝ ነበር። ያ ቀርቷል። ቡሬ ውስጥ ስለ ሙሉቀን «የደበቃት ሴት ሳትኖረው አትቀርም» እያሉ የሚስቁ ሰዎች ሱቄ ሲመጡ ልብሳቸውን ሳልሰፋ እመልሳለሁ። ያለማግባቱን እኔም እጠላዋለሁ፤ ከማንም በላይ እጠላዋለሁ። ግን አጎቴ ያገባ፣ የወለደ፣ በየበዓሉ የሚቆርብ ሰው ነበር፤ ቃሉም ምን ያህል እንደሆነ አይታችኋል። እናንተም ዘር አስቆጥሩ፤ አትቁጠሩ አልልም። ከመስማማታችሁ በፊት ግን ቆጣሪው በመለያየታችሁ ምን እንደሚያተርፍ ጠይቁ።

በዚህ ሰሞን እንደገና ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። አያ በላቸው በጠና ታሟል፣ ይቅር ሳትይው እንዳይሞት ብለው አለቀሱብኝ። አብልቼ አጠጥቼ ባዶ እጃቸውን ሸኘኋቸው። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስለ እሱ ስለት ተሳልኩ፤ እንዲድን። ከልቤ ነው የለመንኩት። መሬታችንን እያየ፣ በሬዎቹን እየሰማ፣ ለማንም ሳይቆጥር ይኑርልኝ። ዕድሜ ይስጠው። ብዙ ዕድሜ።